በስሜ የተያዘው የልጄ ቁጥር

ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህ ደብተር የልጄ የአለምነህ ነው። ትእዛዝ መመዝገቢያ ብሎ ገዝቶት አራት ገጽ ብቻ ጻፈበት። የማን የበግ ጠጉር ባና፣ ስንት ክንድ፣ ጥቁር ወይስ ነጭ። አምስተኛውን ገጽ ባዶ ትቼ ከስድስተኛው ጀመርኩ። እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ እጄ ቀርፋፋ ስለሆነ የምጽፈው ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ደጃፉ ላይ ሳለ ነው።

ዛሬ ከብድርና ቁጠባ ድርጅቱ ብድር ተከለከልኩ። የጠየቅሁት ለበግ ጠጉር መግዣ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ መታወቂያዬን አይታ ስሜን አስገባች፤ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። ነጥብዎ ዝቅተኛ ነው ይላል አለችኝ። የምን ነጥብ አልኳት። ሰው የተበደረውን እንዴት እንደሚመልስ ኮምፒውተሩ አይቶ ነጥብ ይሰጠዋል አለች። የኔ ስንት ነው አልኳት። እሷም አታውቀውም። የምታየው ቀለም ብቻ ነው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። እኔ ቀይ ነኝ።

በሃምሳ ሁለት ዓመቴ የሰው ገንዘብ ይዤ አላደርኩም። ምን አጥፍቼ ነው?

ባየው እስከ ፋሲካ እጠብቃለሁ ብሏል። ባየው የአለምነህ ጓደኛ ነው፣ እሱም ሸማኔ። እኔ ጠጉሩን ገዝቼ፣ ነድፌና ፈትዬ ላቀርብ፣ እሱ በአለምነህ መሸመኛ ሊሠራ፣ ትርፉን እኩል ልንካፈል ተስማምተናል። ጠጉር ካላገኘሁ አዲስ አበባ ይሄዳል። እሱ ከሄደ የልጄ መሸመኛ ተራ እንጨት ነው፤ ማገዶ ብለው ይጠይቁኛል።

ጥር 16

ስልኩ ዛሬም ጮኸ። የአለምነህን ስልክ ማለቴ ነው። ባትሪው እንዳያልቅ በየቀኑ እሰካዋለሁ። የሚመጣውን መልእክት ግን አልከፍትም። ጓደኞቹ ይሆናሉ። ድምፁን መስማት ይበቃኛል።

ጥር 19

ሰኞ። ምክንያቱን ለመጠየቅ ተመልሼ ሄድኩ። አግዳሚው ላይ ጋሼ ያሕያን አገኘኋቸው። የአልዩ አምባ ሰው ናቸው፤ እነዋሪና ደነባ ሄደው ጠጉር ይገዙና እዚህ ደብረ ብርሃን ለሸማኔ ይሸጣሉ። ከሳቸው ስገዛ ሃያ ዓመት አለፈኝ። እሳቸውንም ቀይ ብለዋቸዋል። የጠየቁት ወለድ አልባውን ብድር ነበር፤ እሱም ቢሆን በነጥብ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ በየሰኞው እየመጡ ነጥቤን አሳዩኝ ይላሉ።

ጥበቃው ሲያያቸው ሳቀ።

«ጋሼ ያሕያ፣ በየሰኞው ደመወዝ አለዎት እንዴ?»

«ደመወዝማ ቢሆን ትሰጡኝ ነበር። የራሴ ነገር ስለሆነ ነው የከለከላችሁኝ።»

አይቆጡም፣ ድምፃቸውን አያነሱም። ተራቸውን ጠብቀው ይጠይቃሉ፣ የለም ሲባሉ አልሐምዱሊላህ ብለው ይወጣሉ፣ ሰኞ ይመለሳሉ። እኔ አንድ ጊዜ ተከልክዬ ሁለት ቀን አልጋ ላይ ዋልኩ። ቀናሁባቸው።

የመስኮቷ ልጅ ማስተዋል ትባላለች። ምክንያቱን ዛሬም አላወቀችም።

ጥር 22

ባየው መጣ። ጠጉር ተገኘ ወይ አለኝ። ገና ነው አልኩት። ወደ መሸመኛው አየ። አለምነህ ጀምሮት የቀረው ባና አሁንም ላዩ ላይ ነው፤ ከግማሽ ትንሽ አልፎ ቆሟል።

«እማማ፣ ጠጉሩ ቢመጣስ የት ላይ ነው የምሠራው?»

መጀመሪያ ጠጉሩ ይምጣ አልኩት። ምን ያስቸኩለዋል? እኔን የያዘኝ ብድሩ ነው።

ጥር 29

ዛሬ የአለምነህ ሰማንያ ነበር። ድንኳን አልጣልንም። የመጣው ሰው በላ፣ ካህናቱም ጸለዩ። ድንገት ነው የሞተው፤ ኅዳር 9 ጠዋት ከመሸመኛው ጉድጓድ ሊወጣ ሲል ወደቀ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ጤነኛ ልጅ ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ ነው።

ጓሮ ዕቃ ሳጥብ ሁለት ሴቶች ከአጥሩ ወዲያ ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ ቀይ ናት አሉ አለች። ሌላዋ በልጅዋ ሐዘን ተሸሽጋ ነዋ የሰው ብር የበላችው አለቻት። የመጀመሪያዋ ብድር በተከለከልኩበት ቀን ከኋላዬ ተሰልፋ ነበር። ወጥተው ሲሄዱ እግዜር ያጽናሽ አሉኝ። አሜን አልኳቸው።

የካቲት 3

ወሬው በሰልፉ እንደወጣ ለማስተዋል ነገርኳት። ልወቅሳት አልነበረም። ፊቷ ቀላ። ከዚያ ከመስኮቱ ወጥታ አጠገቤ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ከዛሬ ጀምሮ የማንንም ውጤት በመስኮት አልናገርም አለች። እውነቷን ነው፤ ከኔ በኋላ የነበረውን ሰው ወደ ውስጥ አስገብታ ነው ያናገረችው። ቆሜ አየሁ። ሥራዋ በእጥፍ ረዘመባት፣ ሰልፈኛው አጉረመረመ፣ እሷ ግን ከቃሏ አልተመለሰችም። ዕድሜዋ ከአለምነህ ቢበልጥ አንድ ዓመት ነው።

የነጥቤ ዝርዝር ይሰጠኝ የሚል ማመልከቻም በእጇ ጻፈችልኝ። ዝርዝሩ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው ያለው። የጋሼ ያሕያን ማመልከቻም አብራ ላከች።

የካቲት 12

መልስ የለም። ኔትወርክም የለም። መንገዱም ተዘግቶ ሰንብቷል።

የካቲት 17

ጾም ገባ። ሰኞ ስለሆነ ሄድኩ። የማስተዋል አለቃ ነጥቡ የድርጅቱ ንብረት ነው፣ ለደንበኛ አይወጣም ብሎ ገሥጿታል። እሷ አልነገረችኝም፤ የነገሩኝ ጋሼ ያሕያ ናቸው። አግዳሚው ላይ ሆነው ሰምተዋል። ልጅቱ ምንም ሳትመልስ አዳምጣ ማመልከቻዎቹን ለሦስተኛ ጊዜ ላከቻቸው አሉኝ። ወላሂ ይቺ ልጅ የኔ ብትሆን ሚዛኔን አወርሳት ነበር አሉ።

የካቲት 20

የምፈልገው የአምስት ማዳበሪያ ጠጉር ዋጋ ጨመረ። ባየው ለአዲስ አበባ ዘመዱ ደውሏል። የአለምነህ ስልክ ሁለት ጊዜ ጮኸ።

የካቲት 26

እጄ ሥራ ሲፈታ ነገር ይመላለስብኛል። አለምነህ ባለፈው ክረምት ሥራ ቀንሶ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ከሥራው ይነሳል። ከጉድጓዱ ሲወጣ ግድግዳውን ይዞ ይቆማል። አንድ ቀን፣ እንደ ሽማግሌ ታቃስታለህ፣ አባትህ በስልሳ ዓመቱ እንዲህ አልሆነም አልኩት። ሳቀ። እግሬን ደንዝዞኝ ነው አለ። ስንፍና መስሎኝ ነበር። ሌላ ምን ሊመስለኝ ይችላል?

መጋቢት 2

ወረቀቱ መጣ። ማስተዋል ወደ ውስጥ አስገብታ፣ በሩን ዘግታ ሰጠችኝ።

በስሜ ሦስት ብድር ተወስዷል። በሰኔ፣ በነሐሴና በጥቅምት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በቀናቸው ተመልሰዋል። የጥቅምቱ ከኅዳር ጀምሮ አልተከፈለም። ሁሉም የተወሰዱት በስልክ ነው፤ ቁጥሩ ተጽፏል።

ቁጥሩ የአለምነህ ነው። አሥረኛ ክፍል ሳለ መታወቂያ ስላልነበረው ሲም ካርዱን በኔ መታወቂያ አወጣሁለት። እዚህ ሰፈር ልጅ ያላት ሁሉ እንዲህ ነው ያደረገችው። ኋላ በስሙ እናዞረዋለን ተባባልን። ስድስት ዓመት ቀረ።

ወረቀቱን አጥፌ ወጣሁ።

ለምን ተበደረ? የቤት ወጪ በኔ ነው። ሠርቶ ያገኛል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በኳስ ውርርድ ተይዟል፤ እሱም እንደነሱ ሆኖ ነው? በስሜ? እናቱ አይደለሁም? ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?

መጋቢት 3

መሸመኛው ፊት ቆሜ አለምነህን ተናገርኩት። ክፉ ቃል ነው የተናገርኩት። አልጽፈውም።

መጋቢት 4

ስልኩን ከፈትኩት። ሲከፍት ጣቱን እንዴት እንደሚያንሸራትት አውቃለሁ፤ ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ እንደገና ወደ ላይ።

ከኅዳር ወዲህ የገቡት መልእክቶች የጓደኞቹ አይደሉም። ሁሉም ከአበዳሪው ናቸው። ውድ ሸዋወርቅ፣ የብድርዎ መክፈያ ቀን አልፏል። ውድ ሸዋወርቅ። ውድ ሸዋወርቅ። ሲጮህ ደስ ይለኝ የነበረው ይህ ነው።

ወደ ድሮዎቹ መልእክቶች ወጣሁ። በሰኔ ብድሩ በገባበት ቀን ለአንድ ክሊኒክ ከፍሏል። በነሐሴም ለዚያው ክሊኒክ። በጥቅምትም። የክሊኒኩ ስም አለበት፤ የልብ ሕክምና ነው።

ውርርድ የለም።

ሰኔ ላይ ያውቅ ነበር ማለት ነው። እኔ ሽማግሌ ያልኩት ሐምሌ ነው።

መጋቢት 5

አልጻፍኩም። እንዝርቱንም አልነካሁም።

መጋቢት 6

ማስተዋል ቤቴ መጣች። ቅዳሜ ናት፣ ዕረፍቷ ነው። ስላልተመለስኩ ሰግታ ነው። ነገርኳት። አላለቀሰችም፣ አይዞዎት አላለችም። እጄን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ ለሥራ የመጣችበትን ተናገረች።

ብድሩን የወሰድኩት እኔ እንዳልሆንኩ ካመለከትኩ በአሥራ አምስት ቀን ይሰረዝልኛል። ቀዩ ይነሳል፣ የጠጉሩም ብድር ከፋሲካ በፊት ይደርሳል። ቅጹን ይዛ መጥታለች። አንድ መስመር አለው፦ ያለፈቃዴ ስሜን የተጠቀመው ሰው ሙሉ ስም።

«ሌላ መሙያ የለውም?» አልኳት።

«የለውም፣ እማማ። እኔም ፈልጌ ነበር። ሞቷል የሚባልበት ቦታ እንኳን የለውም።»

እዚያ ስሙ ከተጻፈ የት እንደሚቀመጥ ጠየቅኋት። ከነጥቡ ጋር አለች። እስከ መቼ አልኳት። አላውቅም አለች። አውቃለሁ ብትል ኖሮ አላምናትም ነበር።

ስትሄድ እስክሪብቶውን አንስቼ «አለ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ፊደል። አቆምኩ።

መጋቢት 8

ሰኞ። ጋሼ ያሕያ ረመዳን ላይ ናቸው፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ዳገቱን ወጥተው መጥተዋል። የሳቸው ዝርዝር አልመጣም። ሐሙስ በከተማው አዳራሽ ስብሰባ አለ አሉኝ። ስለዚሁ ነጥብ መንግሥት ሕግ ያውጣ ወይስ አያውጣ የሚል ነው፤ ከአዲስ አበባ ሰዎች መጥተው የሕዝብ አሳብ ይሰበስባሉ። ነይ አሉኝ። እኔ ምን አውቃለሁ አልኳቸው። «ሸዋዬ፣ ወረቀቱን በዓይኑ ያየ ሰው በዚህ ከተማ ካንቺ ሌላ አላውቅም» አሉኝ።

መጋቢት 11

ሄድኩ። እንዳይረሳኝ ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ሱፍ የለበሰ ወጣት ከአበዳሪዎቹ በኩል ተናገረ። ነጥቡ እንዴት እንደሚሰላ ሁሉ ካወቀ ሰው ማታለል ይለምዳል፣ ያኔ አበዳሪ ይፈራል፣ የሚጎዳው ዋስ የሌለው ትንሽ ተበዳሪ ነው አለ። በነጥብ ባይሆን ኖሮ መሬትና ቤት ለሌለው ማን ያበድር ነበር አለ። ሞኝ አይደለም። አለምነህ ክሊኒክ የሄደው በዚያ ብድር ነው። ያለ ዋስ፣ ያለ ጥያቄ፣ በአምስት ደቂቃ ሰጥተውታል። እኔ ባላውቅም እነሱ ሰጥተውታል።

ቀጥሎ ቴዎፍሎስ የሚባል መምህር ተነሳ። ሕግ መውጣቱ ጥሩ ነው፣ ግን መንግሥት የሁሉን ሰው ዝርዝር ከያዘ ለብድር ብቻ እንደሚያየው ማን ዋስ ይሆነናል አለ። ረጋ ብሎም ተቀመጠ። ደፋር ሰው ነው።

ከዚያ ጋሼ ያሕያ ተነሱ። ኮፊያቸውን አስተካክለው እንዲህ አሉ።

«የኔን ሚዛን መንግሥት በየዓመቱ ያየዋል። ድንጋዩን አንስቶ ይመዝናል፣ ማኅተም ያደርግበታል። ገዢዬም ጠጉሩ ሲመዘን ፊት ለፊት ቆሞ ያያል፤ ጀርባውን ቢያዞር ዞር ብለህ እይ የምለው እኔ ነኝ። እነዚህ ደግሞ እኔን ይመዝናሉ። ሚዛኑ የት እንዳለ አላየሁም። ድንጋዩ ስንት እንደሆነ አላውቅም። ቀለልክ ብቻ ይሉኛል።»

ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበም። ሱፍ የለበሰውም ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ሚዛኑን አምጡና ቀልዬ ከተገኘሁ እቀበላለሁ» ብለው ተቀመጡ። ስድስት ወር ሙሉ በየሰኞው ሲጠይቁ የኖሩት ይህን ነበር። ስንቱ ሰው ስቆባቸዋል። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ቀን ሰውዬው ሥራ ፈቱ ብዬ ነበር በልቤ።

ከዚያ እጄን ይዘው አስነሱኝ። ያልኩት ትንሽ ነው። ነጥቡ ለባለቤቱ ይታይ አልኩ፤ ሰው ባላየው ነገር አቤት ማለት አይችልም። ሕግ ያስፈልገዋል፣ የሰው ደግነት ብቻ አይበቃም፤ ለኔ ያሳየችኝ ልጅ ተገሥጻበታለች አልኩ። ስሟን አልጠራሁም።

«ለሌላ ሰው ግን አይታይ» አልኩ። «ለእናትም ቢሆን።»

የሚጽፈው ሰውዬ ቀና ብሎ ለእናትም ያሉት ምን ለማለት ነው አለኝ። ተቀመጥኩ።

ጋሼ ያሕያ ጠጋ ብለው ውኃ ጠጪ አሉኝ። እኔም ጾም ላይ ነኝ አልኳቸው። ሁለታችንም ሳንጠጣ ወጣን።

መጋቢት 13

ሳስበው ዋልኩ። አለምነህ ያን ወረቀት እንዳይ አይፈልግም ነበር። የደበቀኝ ያኔ ለጠጉር ያስቀመጥኩትን፣ ኋላ ለቀብሩ ያለቀውን ብር እንዳልነካ ነው። ሁለቱን ብድር መልሷል፤ እያቃሰተ ሸምኖ፣ እኔ እየተሳደብኩ። ሦስተኛውን የወሰደው የምመልስበት ጊዜ አለኝ ብሎ ነው።

ይህን ልጅ ነው ያለፈቃዴ ስሜን ተጠቀመ ብዬ የምፈርምበት? ቢጠይቀኝ እሰጠው ነበር። ስለዚህ በፈቃዴ ነው። ቅጹን ቀደድኩት።

የጠጉሩ ብድር ቀረ ማለት ነው። አውቃለሁ።

መጋቢት 14

ባየውን አስጠራሁት። ባናውን ጨርሰው አልኩት።

መሸመኛውን አየ፣ እኔን አየ። እርግጠኛ ነዎት ወይ አላለኝም። ጫማውን አወለቀና ወደ ጉድጓዱ ከመግባቱ በፊት አማተበ። ማጉ አልበቃም፤ ለራሴ መደረቢያ ብዬ ያስቀመጥኩትን ጥቁር ፈትል አወጣሁለት። መወርወሪያው ሲመታ ከአራት ወር በኋላ መስማቴ ነው። ደጅ ወጥቼ ቆምኩ። ቅዝቃዜው ፊቴን ሲመታኝ ጥሩ ነበር።

አሁን ልጻፈው። ጠጉር ቢመጣም ባየው የሚሠራበት ቦታ አልነበረውም። ብድሩ ብቻ አይደለም የያዘኝ።

መጋቢት 26

ባናው ወረደ። የአለምነህ እጅ የሚያልቅበት ይታወቃል። የሱ ላላ ይላል፣ በመጨረሻው አካባቢ ደግሞ ይበልጥ ይላላል፤ ክንዱ እየደከመ ነው። የባየው ጠበቅ ያለ ነው። መጋጠሚያውን በእጄ ዳሰስኩት።

ሚያዝያ 6

የሕማማት ሰኞ። ባናውን እንዲገዙኝ ለጋሼ ያሕያ ወሰድኩላቸው። ዘርግተው በአውራ ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። መጋጠሚያው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ። የሁለት እጅ ሥራ ዋጋው ይቀንሳል፤ እኔም ይቀንሱ ብዬ ልናገር ነበር። ሙሉውን ከፈሉኝ። ጠጉሩንም በዱቤ እንዳይሰጡኝ ፈርቼ ነበር፤ ስለሚያውቁኝ በዱቤ ውሰጂ አላሉም። ለዕዳው ካስቀረሁት የተረፈኝን ብር ቆጥረው አንድ ማዳበሪያ መዘኑልኝ።

«ነይ፣ ፊት ለፊት ቁሚና እይ» አሉኝ።

ቆሜ አየሁ።

ሚያዝያ 7

ዕዳውን ከፈልኩ። ማስተዋል ወደ ውስጥ አስገብታኝ ደረሰኙን ሰጠችኝ። ቀለሙ ቢጫ ሆኗል፤ አረንጓዴ እስኪሆን ወራት ይፈጃል አለች። ከስብሰባው የተሰማ ነገር የለም። የጋሼ ያሕያም ዝርዝር አልመጣም። ከበዓል በኋላ ሰኞ እኔም አብሬያቸው አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ ብያታለሁ። ሳቀች። ቦታ እይዝላችኋለሁ አለች።

ባየው በአንድ ማዳበሪያ ድር ይጀምራል። እስከ ሰኔ እቆያለሁ ብሏል። ነገ ጠጉሩን መንደፍ እጀምራለሁ።

ቤት ስደርስ የአለምነህ ስልክ ጮኸ። ዛሬ ከፈትኩት። ውድ ሸዋወርቅ፣ ብድርዎን ሙሉ በሙሉ ስለከፈሉ እናመሰግናለን ይላል። ስሙ የኔ ነው። የከፈለው ግን የሱ ባና ነው።

ስልኩን ይዤ መሸመኛው ጋ ሄድኩ። ያን ቀን ክፉ ቃል የተናገርኩበት ቦታ ላይ ቆሜ፣ ቀስ ብዬ፣ ፊደሉን ሳልዘል፣ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።